ጭሱን የተከተለችው ዘርፉ

ዘርፉ አዳማ ውስጥ ባልዲ፣ ሳፋና ጀሪካን ትሸጣለች። ወደዚህ ንግድ የገባችው ወዳ ሳይሆን ትንፋሿ መርጦላት ነው። መጀመሪያ በርበሬ ትነግድ ነበር፤ ጆንያ በተፈታ ቁጥር ደረቷ እንደ ገመድ ይጠብቃታል። ቀጥላ ልባሽ ጨርቅ ሞከረች፤ የቦንዳው አቧራ ከበርበሬው ባሰባት። ፕላስቲክ ግን በእርጥብ ጨርቅ ሲወለወል ምንም አያቦንንም። እናም ባልዲዋን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ እያስጫነች ከሞጆ እስከ ቡልቡላ የገበያ ቀን ስትከተል ኖረች።

አስሙ የእሷ ብቻ አልነበረም። ታናሽ ወንድሟ ማናሴም ነበረበት። ሁለቱ ወንጂ ውስጥ ያደጉ የአገዳ ቆራጭ ልጆች ናቸው። አገዳው ሊታጨድ ሲል እሳት ሲለቀቅበት ጥቁር አመድ ግቢው ላይ ይረግፍ ነበር፤ ያን ቀን እህትና ወንድም ጎን ለጎን ግድግዳ ተደግፈው ቁጭ እንዳሉ ይነጋል፤ መተኛት የሚባል የለም። ወላጆቻቸው ሲሞቱ ዘርፉ ወንድሟን ይዛ አዳማ ገባች። እህትም እናትም ሆና አሳደገችው፤ አደገና ባጃጅ ነጂ ሆነ።

በጤና ጣቢያው ሲስተር ሱሃይላ የምትባል ነርስ ነበረች፤ ቁጡ ግን ሰው የምትወድ። ሁለቱንም ፊቷ አስቀምጣ ያስተማረቻቸው እሷ ናት። ሰማያዊው ፓፍ፣ በአፍ የሚሳበው መድኃኒት፣ ሲያፍን የሚነፋ ነው፤ ቶሎ ይከፍታል፣ ግን በሽታውን አይዝም። ቡናማው ደግሞ ጠዋትና ማታ፣ ደህና በሆኑበትም ቀን ጭምር የሚወሰድ ነው፤ የመተንፈሻ ቱቦው ውስጥ ያለውን እብጠት ቀስ ብሎ የሚያበርደው እሱ ነው። ዘርፉ ሰማች። ማናሴ ግን ሳያመኝ ምን ቆርጦኝ መድኃኒት እወስዳለሁ እያለ ቡናማውን ተወው። ሰማያዊውንም ቢሆን በጓሮ ዞሮ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ ነበር የሚነፋው። ሀዊ የምትባል ልጅ አጭቶ ነበርና በሽተኛ ነው እንድትለው አልፈለገም።

ከዚያ አንድ ቀን መነኻሪያ ውስጥ ስለ ታጠቅ ሰማ። ታጠቅ ቡልቡላ ገበያ ዳር ዳስ የሠራ፣ ሃምሳዎቹን የተሻገረ፣ ንግግሩ እንደ ማር የሚጣፍጥ ሰው ነው። አስምን በጭስ ከነሥሩ እነቅላለሁ ይላል። ማናሴ ለእህቱ ሳይነግር፣ ጆቴ የሚባለውን የባጃጅ ጓደኛውን ይዞ ሄደ። ዘርፉ ሞጆ ገበያ ቆማ የባልዲ ዋጋ ስትነጋገር ስልኳ ጮኸ። የጆቴ ድምፅ ነበር፤ ማልቀስ እንጂ መናገር አልቻለም።

ለቅሶው ላይ ሀዊ መሬት ላይ ተደፍታ አንድ ነገር ደጋገመች። ፓፍ እንደሚጠቀም አንድ ቀን ቢነግረኝ ምን እለው ነበር፣ የእኔም አባት እኮ ይጠቀማል፣ አለች። ዘርፉ ይህን ስትሰማ ዕንባዋ ደረቀ።

ጆቴ ዝርዝሩን የነገራት ከሠልስቱ በኋላ ነው። ታጠቅ መጀመሪያ ማናሴን ፓፉን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ በገዛ ጫማው እንዲጨፈልቀው አደረገ፤ ይኼ ነው ልብህን የሚያደርቀው ብሎ። ከዚያ ዱካ ላይ አስቀመጠው፣ ወፍራም ብርድ ልብስ አለበሰው፣ ከሥሩ የፍም ምጣድ አስገብቶ ቅጠል በተነበት። ማናሴ ሳለ። ደረቱ ሲያፏጭ ውጪ ያለው ሰው ሁሉ ሰማ። ከዚያ በቃኝ በሚል ዓይነት መሬቱን በመዳፉ መታ፣ ደጋግሞ መታ። ታጠቅ የብርድ ልብሱን ጫፍ ረግጦ፣ የሚታገለው እሱ ሳይሆን በሽታው ነው፣ እንዳትለቁት አለ። ትንሽ ቆይቶ ፉጨቱ ጸጥ አለ።

«ሰማችሁ? ለቀቀው» አለ ታጠቅ። ሴቶች እልል አሉ። ብርድ ልብሱ ሲነሳ የማናሴ ከንፈር አመድ መስሏል።

ዘርፉ ይህን ስትሰማ የሱሃይላ ቃል ጆሮዋ ላይ አቃጨለ። ነርሷ ከዓመታት በፊት አስጠንቅቃት ነበር፦ ያፈነው ሰው ደረት ድንገት ማፏጨቱን ካቆመ ተሻለው ብለሽ እንዳትደሰቺ፤ ተከፍቶ ሳይሆን ጨርሶ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ የሚያፏጭ አየር እንኳ ሲያልቅ ነው ዝም የሚለው። ወንድሟ እየሞተ ሰው እልል ብሎለታል ማለት ነው።

ፖሊስ ዘንድ ሄደች። ምስክር አምጪ ተባለች፤ አስከሬኑ ሳይመረመር ተቀብሯል፣ ጆቴ ደግሞ ፈርቶ ስልኩን ዘጋ። ከጣቢያው ስትወጣ ማልቀስ አላሰኛትም። ልቧ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ድንጋይ ተቀመጠ፤ ድንጋዩም ስም ነበረው፣ ታጠቅ።

በሚቀጥለው የቡልቡላ ገበያ ቀን ባልዲዋን አስጭና ወረደች። ከጀሪካኖቿ አንዱ ውስጥ ነጭ ጋዝ ነበር፤ ክብሪቱን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራዋለች። ከዳሱ ፊት ለፊት ዕቃዋን ዘረጋችና ተቀመጠች። ዳሱ መግቢያ ላይ ታጠቅ የተጨፈለቁ ፓፎችን ሽቦ ላይ ሰክቶ እንደ ዶቃ ሰቅሏቸዋል፤ የተፈወሱት ሰዎች ምስክር ናቸው ይላል። አንዱ በቢጫ ፕላስተር የተጠመጠመ ነው። ማናሴ የባጃጁን መሪ የሚጠቀልልበት ያው ፕላስተር ነበር።

እጇ ወደ ክብሪቱ ሄደ። ከማቃጠል ያገዳት ፍርሃት አልነበረም። ዳሱን ባቃጥለው፣ ብላ አሰበች፣ ነገ ሰው ያዝንለታል፤ አዋጥቶ የተሻለ ይሠራለታል፤ እኔ እታሰራለሁ፣ እሱ ሰማዕት ይሆናል። የለም። መቃጠል ያለበት ዳሱ ሳይሆን ስሙ ነው። ደጁ ላይ ዝንብ እንኳ እንዳያርፍ ማድረግ አለብኝ።

በዚህ መሃል አንዲት እናት ሕፃን አዝላ ወደ ዳሱ ስታመራ አየች። ዘርፉ ተነስታ መንገዷ ላይ ቆመች።

«ልጅሽ የሚያስለው ሌሊት ነው አይደል? ወደ ንጋት ይብስበታል?»

እናትየው ገርሟት አዎ አለች።

«ሲስቅና ሲሮጥስ ያስለዋል? ሲተነፍስ የጎን አጥንቱ መሃል ገባ ይላል? ደረቱ ላይ ጆሮሽን ስታደርጊ ድመት ያለች ይመስላል?»

«በምን አወቅሽ?»

«እኔም እንደዚያው ነኝ። እዚያ ዳስ ውስጥ የሚያጨስበት ነገር ቱቦውን ይዘጋበታል እንጂ አይከፍትለትም። ጤና ጣቢያ ውሰጂው፣ ዛሬውኑ።»

ሴትየዋ አመነታች፣ ልጇን ወደ ፊት አዙራ አየችው፣ ከዚያ ተመለሰች። ዘርፉ የሄደችውን ሴት ጀርባ ስታይ ከወንድሟ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የምግብ ፍላጎት ተሰማት። የታጠቅን አንድ ደንበኛ ነጥቃዋለች። ጣፈጣት።

ታጠቅም አይቷል። ከዳሱ ወጥቶ በፈገግታ፣ እህቴ፣ አንቺ ባልዲሽን ሽጪ፣ እኔም ሥራዬን ልሥራ አላት። ዘርፉ በዕድሜ አባቷ የሚሆን ሰው አንተ ብላ አታውቅም፤ ያን ቀን ግን ድምጿን ከፍ አድርጋ «ማናሴን ታውቀዋለህ?» አለችው። በዙሪያው ያለው ሰው ዘወር አለ። ታጠቅ ፈገግታው ሳይጠፋ ወደ ዳሱ ተመለሰ፤ በሚቀጥለው ገበያ ግን ሽቦውን ከነፓፎቹ ከዳሱ አውርዶት ነበር።

ከዚያ በኋላ የቡልቡላ ገበያ ሲቆም ዘርፉ አንድም ቀን አልቀረችም። ባልዲ ለሚገዛውም ለማይገዛውም ስለ አስም ትናገራለች። ቅዝቃዜ፣ አቧራ፣ የከሰል ጭስ፣ ሽቶ፣ ጉንፋን፣ እያንዳንዱ ሰው የሚያስነሳበት ነገር የተለያየ ነው፣ የራሳችሁን እወቁ ትላለች። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራርጥ መጨረስ ያቃተው ሰው ተቀምጦ የሚጠበቅ አይደለም፣ ተሸክማችሁ ሩጡ ትላለች። ፓፍ ሱስ አይሆንም፣ ልብም አያደርቅም፣ ልብ የሚያደርቀው እዚያ ማዶ ያለው ሰው ነው ትልና በጣቷ ታሳያለች። ሰው ይስቃል፤ ታጠቅ ይሰማል። አንድ ቀን ሳፋዎቿ በሙሉ ተሰነጣጥቀው አገኘቻቸው። የፋርማሲ ቅጥረኛ ናት፣ ሐዘን አሳብዷታል ተብሎ ተወራባት። ሳፋዎቹን ቀይራ ያው ቦታ ላይ ተቀመጠች።

አብራት የምትነግደው ጉዲቱ አንድ ጊዜ መንገድ ላይ መከረቻት። በቀል የእግዚአብሔር ነው፣ ለእሱ ተዪለት፣ ራስሽን እየበላሽ ነው አለቻት።

«እሱ ይዘገያል» አለች ዘርፉ። «እኔ ደግሞ ገበያ አለኝ።»

ወረፋው እየሳሳ ሄደ። ታጠቅ ዳሱን ነቅሎ መቂ ሄደ፤ ዘርፉ ባልዲዋን ይዛ መቂ ገባች። ከመቂ ወደ ቆቃ ተሻገረ፤ ነጋዴ ወሬ አይደብቅምና በሳምንቱ ሰማች። በዚህ ጊዜ ሁሉ ቡናማዋን ጠዋትና ማታ ትወስዳለች፣ ከወሰደችም በኋላ አፏን ትጉመጠመጣለች፤ ከበሽታዋ ጋር ስምምነት ነበራት። ጠላቷ ፊት መታመም አልፈለገችም።

ቆቃ የደረሰችው ከሰዓት በኋላ ነው። ታጠቅ ከዓሣ ሻጮቹ አለፍ ብሎ ዛፍ ሥር ሰው ሰብስቧል። ዘርፉ ገና ከሩቁ ፉጨቱን ሰማች፤ ከብርድ ልብሱ ሥር የሚወጣ ቀጭን፣ የልጅ ፉጨት። እርምጃዋን አፈጠነች። መሃል መንገድ ላይ ሳለች ፉጨቱ ቆመ።

«ሰማችሁ? ለቀቃት» አለ ታጠቅ።

ያንኑ ቃል። ዘርፉ ባልዲዋን ጥላ ሮጠች። ሰው ገፍትራ ገብታ ብርድ ልብሱን ገፈፈችው። ጂጂ የምትባል የዓሣ አጥማጅ ልጅ ናት፤ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጥቷል፣ የአንገቷ ሥር በእያንዳንዱ ትንፋሽ ይሰረጉዳል፣ ድምፅ ግን የለም። ዘርፉ ስምሽ ማነው ስትላት አፏን ከፈተች እንጂ መመለስ አልቻለችም። ከጭሱ አውጥታ አየር ወዳለበት ሳበቻት፤ ቀጥ አድርጋ አስቀመጠቻት፤ ከአንድ ሰው እጅ ሃይላንድ ቀምታ ውኃውን ደፋች፣ በዓሣ ሻጯ ቢላ ቂጡን በስታ ሰማያዊውን ፓፏን ሰካችበት። የጠርሙሱን አፍ ለልጅቷ አጉርሳ አንድ ጊዜ ነፋች፣ ቀስ ብለሽ ሳቢ፣ ድገሚ፣ አይዞሽ እያለች። አሁንም ነፋች። ትንሽ ቆይቶ ከልጅቷ ደረት ቀጭን ፉጨት ተመልሶ ተሰማ። ሰው ደነገጠ፤ ዘርፉ ግን ፉጨቱን ስትሰማ የልጅቷን ጀርባ እየደባበሰች ፈገግ አለች። አየር ገብቷል ማለት ነው።

ባጃጅ ተጠራ። ዘርፉ ጠርሙሱን ከነፓፉ ለአባትየው ሰጠችው፣ ጤና ጣቢያ እስክትደርስ እንዲህ አድርገህ እያሳረፍክ ንፋላት አለችው። ባጃጁ አቧራ አስነስቶ ሄደ።

ያን ጊዜ ነው የራሷ ደረት የያዛት። ሩጫው፣ ጭሱ፣ አቧራው፣ ሁሉም ባንዴ መጣ። የዓሣ ሣጥን ላይ ተቀመጠች፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ወደ ፊት ዘንበል አለች። ቦርሳዋን መፈተሽ አላስፈለጋትም፤ ፓፏ ባጃጁ ውስጥ ነው። ቀና ስትል ታጠቅ ፊት ለፊቷ ቆሟል። ሰው ሊረዳት ሲጠጋ እጁን ዘርግቶ ከለከለ።

«ተዋት፣ በራሷ ያመጣችው ነው» አለ።

ዘርፉ ዓይኑን ዓይኑን አየችው። ማናሴንም እንዲህ ቆሞ ነው ያየው ብላ አሰበች። ይህ ሰው ሞቴን አይቶ ወደ ቤቱ አይሄድም። ከንፈሯን አሹላ ትንፋሿን ቀስ አድርጋ ለማውጣት ታገለች። ደረቷ ግን እየጠበበ ሄደ።

ከወረፋው መሃል ኦሊቃ የሚባሉ ሽማግሌ ወጡ። በትራቸውን ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው ወደ ኮት ኪሳቸው እጃቸውን ሰደዱና አንድ ሰማያዊ ፓፍ አወጡ። አዲስ ነበር፣ ካርቶኑ ውስጥ ያለ።

«እዚህ ልሰብረው ነበር ያመጣሁት» አሉ፤ ታጠቅን በትከሻቸው ገፋ አድርገው አለፉና እጇ ላይ አኖሩላት።

ነፋች። አረፈች፣ ደገመች። ሰው ሁሉ ቆሞ ሲያይ የዘርፉ ደረት ተከፈተ፤ ድምጿ ተመለሰ፤ የመጀመሪያ ቃሏም «እንዳታስመልጡት» የሚል ሆነ።

አላመለጠም። ዓሣ አጥማጆቹ ይዘው ለፖሊስ ሰጡት። ጂጂ ከጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ተላከች፤ ኦክስጅን ተደርጎላት ጥቂት ቀን ተኝታ ዳነች። ጆቴም ይህን ሲሰማ ከተደበቀበት ወጥቶ የማናሴን ነገር ቃሉን ሰጠ።

ታጠቅ በዋስ ወጥቶ ክሱ ሲጠበቅ፣ ኦቦ ኦሊቃ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው አዳማ ዘርፉ ቤት መጡ። ነፍሷን ያተረፉ ሰው ናቸውና ተነስታ ጉልበታቸውን ልትስም ስትል እሳቸው ከለከሏት። የታጠቅ ዘመዶች ለምነዋቸው ነው የመጡት። ሽማግሌ የማይገባበት ጠብ የለም፣ ልጄ፣ የደም ካሳ ካስፈለገም ይከፈላል አሉ።

«ኦቦ ኦሊቃ፣ እርስዎን እምቢ ለማለት አፍ የለኝም» አለች ዘርፉ። «የፍርድ ቤቱን ነገር ፍርድ ቤት ያውቃል። ካሳ ግን አልፈልግም። እስር ቤት ይደብቀዋል፤ እኔ እንዲደበቅ አልፈልግም። ጭሱን ባጨሰበት ገበያ ሁሉ በጠራራ ፀሐይ ቆሞ፣ ያደረገውን በገዛ አፉ ይናገር። ወንድሜን በስሙ ጠርቶ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው ይህማ ሰውን ቁሞ መቅበር ነው አሉ።

«አዎ» አለች።

ኦቦ ኦሊቃ ግን፣ እኔም ፓፌን ልሰብርለት ነበር፣ ይናገር አሉ። ታጠቅ መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር። ዘመዶቹ አፍረው ዋሳችንን እናነሳለን ሲሉት ተስማማ።

ቆቃ ላይ ተናገረ። መቂ ላይ ተናገረ። ቡልቡላ ላይ ግን፣ ድሮ ዳሱ ከነበረበት ሲደርስ፣ ወደ ኋላ ማለት ጀመረ። ገበያው ጢም ብሏል። ዘርፉ ፊት ለፊት ባልዲ ገልብጣ ተቀምጣለች። ታጠቅ አንገቱን ደፍቶ፣ ማናሴ የሚባል ልጅ እዚህ ሞቷል፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ አጉረመረመ።

«አልተሰማም» አለች ዘርፉ።

ደገመው።

«ኋላ ያሉት አልሰሙም። መሬቱን በእጁ እንደመታ ንገራቸው። ሲመታ ምን እንዳልክም።»

ታጠቅ ላቡ በግንባሩ ወረደ። ተናገረው፤ በዚህ ጊዜ ጮክ ብሎ። እንደ ለማኝ ተንተባትቦ፣ ማናሴ መሬቱን ሲመታ ብርድ ልብሱን እንደረገጠ፣ ፉጨቱ ሲጠፋ ለቀቀው ብሎ ሰውን እልል እንዳስባለ ተናገረ። እልል ብላ የነበረች አንዲት ሴት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ዘርፉ እያንዳንዱን ቃል እንደ ተጠማ ሰው ጠጣችው።

ሲጨርስ ወደ እሷ ዞሮ ዝቅ ባለ ድምፅ «አሁን በቃሽ?» አላት።

«ማናሴም በቃኝ ብሎህ ነበር» አለችው።

በኋላ ፍርድ ቤቱ አሠረው። ዘርፉ ውሳኔውን ለመስማት ሄዳ ነበር፤ ሲነበብ ፈገግ አላለችም፣ አላለቀሰችም። ያን ቀን ከጉዲቱ ጋር ጥብስ አዛ ሳህኑን ጠረገችው፤ ጉዲቱ እንኳ ገርሟት እያየቻት ነበር።

አሁን የባልዲ መደብሯ በራፍ ላይ እናቶች ልጅ ይዘው ይቆማሉ። ወደ ሲስተር ሱሃይላ ትልካቸዋለች። ነርሷ አንድ ቀን ስታልፍ ገብታ፣ የምትሠሪው ጽድቅ ነው አለቻት። ዘርፉ ሳቀች። ጽድቅ አይደለም ሲስተር፣ እኔ ያን ሰው ባዶ እጁን ለማስቀረት ነው የተነሳሁት፣ ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል አለቻት። ሱሃይላም፣ ለልጆቹ ደረት ልዩነት የለውም ብላ ወጣች።

በዚያው ሳምንት አንድ የሽንኩርት ነጋዴ ጀሪካን ሲመርጥ፣ ወደ ሻሸመኔ መስመር ሌላ ሰው ለአስም የሚያጨስ መድኃኒት ጀምሯል አሉ ብሎ እንደ ዋዛ አወራላት። ዘርፉ የሰውዬውን ስም አልጠየቀችም። ጀሪካኑን ወልውላ እየሰጠችው፣ የዚያ አገር ገበያ የሚቆመው በየትኛው ቀን እንደሆነ ጠየቀችው።